አልወጣ ያለውን የሐሞት ቱቦ ጠጠር ማድቀቅ



በየቤቱ የተለመደ አንድ አነጋገር አለ። አንዲት እናት ምግብ በልታ ጥቂት ቆይታ የላይኛው ሆዷን በቀኝ በኩል ቀስፎ ሲይዛት፣ ሕመሙም ወደ ጀርባዋና ወደ ቀኝ ትከሻዋ ሲወጣባት፣ ሲያቅለሸልሻትና ሲያስመልሳት «ጨጓራዬ ተነሣብኝ» ትላለች። ተልባ ትጠጣለች፣ ጋደም ትላለች። ሕመሙም ከጥቂት ሰዓት በኋላ ይለቃታል። ሲለቃት ጊዜም ትረሳዋለች፤ ልጆቹ ትምህርት ቤት መድረስ አለባቸው፣ መሥሪያ ቤትም ሰዓት ፊርማ ይጠብቃታል። በርግጥ ጨጓራ ሊሆን ይችላል። አንዳንድ ጊዜ ግን ጥፋተኛው ጨጓራ ሳይሆን ጎረቤቱ፣ ማለትም የሐሞት ከረጢት ይሆናል።

በቋንቋችን ሐሞት የድፍረት መገኛ ነው። ጀግናውን «ሐሞተ ኮስታራ» እንለዋለን፤ የፈራውን ደግሞ «ሐሞቱ ፈሰሰ» እንላለን። ምናልባት ከዚህ የተነሣ ይሆናል፣ የሐሞት ከረጢታቸው በቀዶ ሕክምና እንዲወጣ የተነገራቸው አንዳንድ ሰዎች ከሕመሙ ይልቅ «ያለ ሐሞት እንዴት እኖራለሁ?» የሚለው ሐሳብ የሚያስጨንቃቸው። ነገሩ ግን እንዲያ አይደለም። ሐሞትን የሚያመነጨው ጉበት ነው፤ በቀንም ከግማሽ ሊትር እስከ አንድ ሊትር ይደርሳል። ከረጢቱ ማጠራቀሚያ ብቻ ነው። ቅባት ያለበት ምግብ ወደ አንጀት ሲገባ ከረጢቱ ይኮማተርና ያጠራቀመውን ሐሞት በቱቦ አማካይነት ወደ ትንሹ አንጀት ይለቀዋል። ከሁለት ወር ጾም በኋላ በፋሲካ ዕለት ቅቤ የጠገበ ዶሮ ወጥ የበላች ሴት ማታውኑ በሕመም የምትያዘው፣ በከረጢቷ ውስጥ ጠጠር ካለ፣ በዚህ ምክንያት ሊሆን ይችላል። ከረጢቱ በጠጠሩ ላይ ሲጨመቅ ነው ሕመሙ የሚመጣው።

ጠጠሩ የሚፈጠረው በሐሞቱ ውስጥ ያለው ኮሌስትሮል ወይም ቀለም ሲበዛና ሲረጋ ነው። ሴቶች ከወንዶች ይልቅ በዚህ ይጠቃሉ፤ በተለይም ደጋግመው የወለዱ፣ ክብደታቸው የጨመረ፣ ወይም በአጭር ጊዜ ውስጥ ብዙ የከሱ። በእርግዝና ወቅት የሚበዙት የሴት ሆርሞኖች ሐሞቱን ለጠጠር የተመቸ ያደርጉታል፣ ከረጢቱንም ያዘገዩታል። ብዙ ሰዎች ጠጠሩን ይዘው ምንም ሳይሰማቸው ዕድሜያቸውን ይጨርሳሉ፤ ስለዚህ በአልትራሳውንድ ጠጠር ታየ ተብሎ ወዲያውኑ መደናገጥ አያስፈልግም።

የዛሬው ጉዳያችን ከረጢቱ ውስጥ ስላለው ሳይሆን ከዚያ አምልጦ ቱቦው ውስጥ ስለሚወድቀው ጠጠር ነው። የከረጢት ጠጠር ካላቸው ሰዎች ከመቶው ከ10 እስከ 20 የሚሆኑት በዋናው የሐሞት ቱቦም ውስጥ ጠጠር አለባቸው። ይህ ቱቦ በጤነኛ ሰው ከእርሳስ የማይወፍር ነው። መጨረሻው ላይ ከቆሽት ከሚመጣው ቱቦ ጋር ይገናኝና በአንዲት ጠባብ የጡንቻ በር በኩል ወደ ትንሹ አንጀት ይከፈታል። እንግዲህ አንድ ጠጠር መጥቶ እዚያች በር ላይ ቢሰነቀር፣ በአተላ እንደተደፈነ የጀበና አፍ ማለት ነው፤ ከላይ የሚመጣው ሁሉ ወደ ኋላ ይመለሳል። ዓይንና ቆዳ ቢጫ ይሆናል፤ ሽንት እንደ ሻይ ይጠቁራል፤ ሰገራ ይነጣል፤ ሰውነት ያሳክካል። የቆመው ሐሞት ሲመረቅዝ ብርድ ብርድ የሚል ኃይለኛ ትኩሳት ይከተላል። ቆሽትም አብሮ ሊቆጣ ይችላል። ፈረንሳዊው ሐኪም ዣን ማርቲን ሻርኮ በ1877 (ዓመተ ምሕረቶቹ፣ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የሦስቱን ምልክቶች፣ ማለትም የትኩሳትን፣ የዓይን ቢጫ መሆንንና የቀኝ ጎን ሕመምን አንድ ላይ መምጣት ጽፎታል። ዛሬም ሐኪሞች ይህን ሲያዩ ሰዓት የማይሰጠው መሆኑን ያውቃሉ።

እዚህ ላይ ሳልናገር የማላልፈው ነገር አለ። ዓይን ቢጫ ሲሆን እኛ «የወፍ በሽታ ነው» እንላለን። የወፍ መድኃኒት የሚሰጥ ሰውም በየሰፈሩ አይጠፋም። ይሁን እንጂ ዓይንን ቢጫ የሚያደርገው አንድ በሽታ ብቻ አይደለም። በቫይረስ የተቆጣ ጉበት አለ፤ በጠጠር የተደፈነ ቱቦም አለ። ለተደፈነ ቱቦ ቅጠል ተጨምቆ ቢጠጣ ጠጠሩን ንቅንቅ አያደርገውም፤ ቀናትን ብቻ ይወስዳል። ቢጫነቱ ከትኩሳትና ከማንቀጥቀጥ ጋር ከመጣ በዚያው ቀን፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ወደ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል።

ለዝግጅት ክፍላችን ከደረሱት ደብዳቤዎች አንዱ ይህንኑ የሚመለከት ነው። ጸሐፊዋ በአንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ የምትሠራ የሁለት ልጆች እናት ናት። የ67 ዓመት እናቷ ከአራት ዓመት በፊት የሐሞት ከረጢታቸው በቀዶ ሕክምና ወጥቶላቸዋል። ባለፈው ክረምት ግን ዓይናቸው ቢጫ ሆነ፤ ለሦስት ሳምንት የወፍ መድኃኒት ከጠጡ በኋላ በትኩሳት ሲንቀጠቀጡ ሆስፒታል ገቡ። በቱቦው ውስጥ ሁለት ሳንቲ ሜትር የሚሆን ጠጠር ተገኘ። በአፍ በሚገባ መሣሪያ ሊወጣ ተሞክሮ አልወጣ አለ፤ ስለዚህ ሐሞቱ እንዲያልፍ ትንሽ የፕላስቲክ ቱቦ ተደረገላቸውና ተሻላቸው። አሁን ሐኪሙ ጠጠሩ በሞገድ ወይም በሌላ መንገድ መድቀቅ እንዳለበት ተናግሯል። ወንድሞቿ «ተሽሏታል፣ ምን ያስነካካታል?» ይላሉ። አንዱ ደግሞ ቦታ ሸጠን ወደ ውጭ አገር እንላካት ይላል። «ከረጢቱ ከወጣ ጠጠሩ ከየት መጣ? ድንጋይስ ሆድ ሳይቀደድ ይሰበራል የሚባለው እውነት ነውን? እናቴስ ቅቤ መብላት ይችላሉ?» ስትል ትጠይቃለች።

እህታችን ሆይ፣ ጥያቄዎችሽ የብዙዎች ናቸውና ሰፋ አድርገን እንመልሳቸው።

ጠጠሩ ከሁለት ቦታ ሊመጣ ይችላል። ከረጢቱ ከመውጣቱ በፊት ወደ ቱቦው አምልጦ ሳይታይ የቀረ ይሆናል፤ አለዚያም እዚያው ቱቦው ውስጥ የተፈጠረ ነው። ሐሞቱ ቀስ ብሎ በሚፈስበትና ባክቴሪያ በሚገባበት ቱቦ ውስጥ ቡናማ፣ እንደ ጭቃ የሚፈረካከስ ጠጠር ይፈጠራል። ሌላም ምክንያት አለ፦ ወስፋት። ይህ ትል ከትንሹ አንጀት ተነሥቶ በዚያች ጠባብ በር በኩል ወደ ሐሞት ቱቦ የሚገባበት ጊዜ አለ፤ እዚያ ሲሞትም ጠጠር በቅሪቱ ዙሪያ ይቋጠራል። የልጆችን እጅ ስለ ማስታጠብና አትክልትን ስለ ማጠብ በዚህ ዓምድ ደጋግመን ስንጽፍ የሰለቻችሁ ብትኖሩ ይህን አንዱ ምክንያት አድርጋችሁ ያዙልን።

በአፍ የሚገባው መሣሪያ ኢ.አር.ሲ.ፒ. ይባላል። ሐኪሙ ጫፉ ላይ መመልከቻ ያለበትን ተጣጣፊ ቱቦ በአፍ አስገብቶ፣ ጨጓራን አሳልፎ፣ ትንሹ አንጀት መጀመሪያ ላይ ሲደርስ የሐሞቱን በር ያገኛል። በዚያ ቀጭን ቱቦ አሾልኮ ለራጅ የሚታይ ፈሳሽ ይረጭና ጠጠሩን ያያል። ይህ አሠራር በ1968 በአሜሪካ ተጀመረ። በ1974 ደግሞ የጀርመንና የጃፓን ሐኪሞች፣ አንዱ ከሌላው ሳይጠባበቅ፣ የበሩን ጡንቻ በኤሌክትሪክ በሚግል ቀጭን ሽቦ ሰንጥቀው ጠጠሩን ማውጣት ቻሉ። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ሕሙማን ከ85 እስከ 90 የሚሆኑት ሆዳቸው ሳይቀደድ በትንሽ ፊኛ ወይም በሽቦ ቅርጫት ጠጠራቸው ይወጣላቸዋል።

የቀሩት ናቸው የሚያስቸግሩት። ከ15 ሚሊ ሜትር የበለጠ ትልቅ ጠጠር፣ ተደራርቦ ቱቦውን የሞላ፣ ከጠባብ ቦታ በላይ የተቀመጠ፣ ግድግዳው ላይ የተሰነቀረ፣ ጉበት ውስጥ የገባ። ቤት ስትቀይሩ ትልቁን ቁም ሣጥን በጠባቡ በር ለማውጣት የታገላችሁ ታውቁታላችሁ፤ ወይ በሩን ማስፋት ነው፣ ወይ ቁም ሣጥኑን መፍታት ነው። ሐኪሞቹም ያደረጉት ይህንኑ ነው።

በመጀመሪያ ጠጠሩን በጠንካራ የሽቦ ቅርጫት ይዞ በብረት ሽፋን ላይ እየጎተቱ መጨፍለቅ መጣ። ከ1980ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ይሠራበታል፤ ብዙ ጊዜም ይሳካል። አንዳንዱ ጠጠር ግን ቅርጫቱ ሊከብበው እንኳ አይችልም።

አሁን ወደ ሞገዱ እንምጣ። በጀርመን አገር፣ በኮንስታንስ ሐይቅ ዳር ባለችው በፍሪድሪክስሃፈን ከተማ፣ ዶርኒየር የተባለ የአውሮፕላን ፋብሪካ ነበር። የፋብሪካው ባለሙያዎች ከድምፅ ፈጥኖ የሚበር አውሮፕላን ከዝናብ ጠብታ ጋር ሲጋጭ ብረቱ ለምን እንደሚጎዳ ያጠኑ ነበር። ግጭቱ በብረቱ ውስጥ የሚያልፍ ኃይለኛ የግፊት ሞገድ እንደሚፈጥር ተረዱ። በሙከራው ጊዜ አንድ ባለሙያ ብረቱን ነክቶ ሳለ ሞገዱ በሰውነቱ ውስጥ እንደ ኤሌክትሪክ ሲያልፍ ተሰማው ይባላል፤ ቆዳው ግን ምንም አልሆነም። ለሰውነት ሳይሆን ለደረቅ ነገር የሚከፋ ኃይል መሆኑ ነዋ! ከሙኒክ ሐኪሞች ጋር ተባብረው መሣሪያውን ከሠሩ በኋላ፣ ክርስቲያን ሾሲና ባልደረቦቹ የካቲት 7 ቀን 1980 የመጀመሪያውን የኩላሊት ጠጠር ሕመምተኛ አከሙ። ሕመምተኛው የሚታከመው ውኃ በሞላበት ገንዳ ውስጥ ሆኖ ነበር። በ1986 ደግሞ ቲልማን ሳወርብሩክና የሥራ ጓደኞቹ፣ በዚያው በሙኒክ፣ ዘጠኝ የከረጢት ጠጠርና አምስት የሐሞት ቱቦ ጠጠር ሕሙማንን በዚህ ሞገድ ማከማቸውን በአንድ ታዋቂ የሕክምና መጽሔት አሳወቁ።

ብዙ ሰዎች ይህን «በጨረር ማድቀቅ» ይሉታል። ጨረር ግን አይደለም። የድምፅ ዘመድ ነው። ከበሮ ሲመታ ደረታችሁ ውስጥ የሚሰማችሁን ነገር አስቡት፤ እጅግ የበረታና እጅግ ያጠረ ቢሆን ማለት ነው። መሣሪያው ይህን ምት ከውጭ ይፈጥርና ልክ እንደ ማጉያ መነጽር በአንድ ነጥብ ላይ ይሰበስበዋል። የሰውነታችን ሥጋ አብዛኛው ውኃ ስለሆነ ሞገዱ ብዙም ሳይደናቀፍ ያልፋል። ጠጠሩ ጋ ሲደርስ ግን የቁሱ ጠባይ ስለሚለወጥ ኃይሉ እዚያው ይራገፋል፤ ጠጠሩን ይጫነዋል፣ ይስበዋል፣ በዙሪያውም ጥቃቅን አረፋዎች እየፈጠረ ሲፈነዱ ያደቅቁታል። በአንድ ጊዜ ሕክምና በሺህ የሚቆጠር ምት ይሰጣል። ዛሬ ገንዳው ቀርቶ ውኃ የቋጠረ ትራስ ነው ሰውነት ላይ የሚደረገው፤ ሕመም እንዳይሰማም የማስታገሻ ወይም የማደንዘዣ መድኃኒት ይሰጣል።

ስለዚህ «ሆድ ሳይቀደድ ይሰበራል ወይ?» ለሚለው መልሱ አዎን ነው። ሆኖም እንደሚወራው ቀላል አይደለም። አብዛኛው የሐሞት ጠጠር በተራ ራጅ አይታይም። በመሆኑም በቅድሚያ በኢ.አር.ሲ.ፒ. አማካይነት አንድ ቀጭን ቱቦ በአፍንጫ በኩል እስከ ሐሞት ቱቦው ድረስ ይገባና እዚያው ይቆያል፤ በእርሱ በኩል ፈሳሽ እየተረጨ ነው ጠጠሩ በራጅ ታይቶ የሚነጣጠረው። አፍንጫ ውስጥ ቱቦ ይዞ መሰንበት ለሕመምተኛው ቀላል አይደለም፤ ቤተሰብም አስቀድሞ ቢያውቀው ይሻላል። አንድ ጊዜ ብቻ የማይበቃቸው ብዙዎች ናቸው። ደግሞም ጠጠሩ ደቀቀ እንጂ አልጠፋም፤ ፍርካሹን በኢ.አር.ሲ.ፒ. ጠርጎ ማውጣት ያስፈልጋል። ይህ ሁሉ ከተደረገ ከመቶ አስቸጋሪ ሕሙማን ከ80 የሚበልጡት ቱቦአቸው ይጸዳል፤ በሕንድ አገር በሃይደራባድ ከተማ የሚገኘው የእስያ የጨጓራና አንጀት ሕክምና ተቋም በብዙ ሕሙማን ላይ ሠርቶ ያገኘው ውጤትም ከዚህ የተለየ አይደለም።

ስለ ከረጢቱ ጠጠር የሚጠይቁን አሉ፤ እሱም በሞገድ ለምን አይደቅቅም ብለው። ተሞክሯል። ከረጢቱ በቦታው እስካለ ድረስ ግን ጠጠሩ ተመልሶ ይፈጠራል። በ1985 በጀርመን ኤሪክ ሙሄ፣ በ1987 በፈረንሳይ ፊሊፕ ሙሬ በትንንሽ ቀዳዳዎች ከረጢቱን ማውጣት ከጀመሩ ወዲህ ያኛው መንገድ ለከረጢቱ ተትቷል ማለት ይቻላል።

ከውጭ ሳይሆን ከውስጥ፣ ጠጠሩ አጠገብ ሆኖ ሞገድ መፍጠርም አለ። የዚህኛው መነሻ ደግሞ የማዕድን ሥራ ነው። በቀድሞዋ ሶቭየት ኅብረት ዩትኪን የተባለ መሐንዲስ በ1950ዎቹ በውኃ ውስጥ የኤሌክትሪክ ፍንጣሪ በማንጣት አለት መስበር እንደሚቻል አሳየ። ሐኪሞች ይህንኑ አሳንሰው ለፊኛ ጠጠር፣ በኋላም ለሐሞት ቱቦ ጠጠር አዋሉት። ቀጭን ሽቦ ጠጠሩ አጠገብ ይደርሳል፤ ፍንጣሪው አረፋ ይፈጥራል፤ አረፋው ሲፈነዳ ሞገዱ ጠጠሩን ይሰነጥቃል። ሽቦው ስቶ የቱቦውን ግድግዳ ቢመታ ግን ሊቀደው ስለሚችል ሐኪሙ በዓይኑ እያየ መሥራት አለበት። ሌዘርም በዚሁ ዓይነት ይሠራል።

በዓይን እያዩ መሥራቱ ነበር ለረጅም ጊዜ ችግር የሆነው። አንደኛው መመልከቻ በሌላው ውስጥ የሚያልፍ፣ ሁለት ሐኪሞች የሚይዙት መሣሪያ ነበር፤ ስሙንም «እናትና ሕፃን» ብለውት ነበር። ሕፃኑ ቶሎ ቶሎ ይሰበር ነበርና ብዙ ሆስፒታሎች አልደፈሩትም። ከ2007 ጀምሮ ስፓይግላስ የተባለው፣ አንድ ሐኪም ብቻውን የሚያንቀሳቅሰው መሣሪያ ሲመጣ ነገሩ ተለወጠ። ከ2003 ወዲህ ደግሞ በሩን ጥቂት ሰንጥቆ በትልቅ ፊኛ ማስፋት ስለተለመደ ብዙ ትልልቅ ጠጠሮች ሳይደቅቁም መውጣት ጀመሩ። ለዚህ ነው ዛሬ መሣሪያው በተሟላበት ቦታ መጀመሪያ ትልቁ ፊኛ፣ ካልሆነም ከውስጥ በዓይን እያዩ ማድቀቅ የሚመረጠው፤ የውጭው ሞገድ ደግሞ እነዚህ በሌሉበት ወይም ባልተሳኩበት ይጠራል። በኔ አስተያየት ይህን ቅደም ተከተል ማወቅ ለቤተሰብ ትልቅ ጥቅም አለው፤ «ሞገድ አለን» የሚል ማስታወቂያ ብቻ አይቶ ቦታ መሸጥ አይገባምና። አስቀድማችሁ ሐኪሙን «ትልቁ ፊኛ ተሞክሯል ወይ? ካልተሞከረ ለምን?» ብላችሁ ጠይቁ። ጥያቄው ሐኪምን መዳፈር አይደለም።

አደጋ የሌለበት ሕክምና የለም። ኢ.አር.ሲ.ፒ. ራሱ ቆሽትን ሊያስቆጣ፣ ሊያደማ ይችላል። ሞገዱ ቆዳ ላይ ሰንበር ይተዋል፤ ትኩሳት ሊያስከትል ይችላል። ለነፍሰ ጡር አይደረግም፤ ደሟ ለማይረጋም እንዲሁ። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው አስቀድሞ መናገር አለበት፤ ራሱ በራሱ ግን አያቋርጥም።

አሁን ወደ ወንድሞችሽ አሳብ እንመለስ። «ተሽሏታል» ያሉት አልተሳሳቱም፤ ተሽሏቸዋል። ነገር ግን የተሻላቸው ጠጠሩ ስለወጣ አይደለም፤ በጎኑ ሐሞት የሚያልፍበት ፕላስቲክ ቱቦ ስላለ ነው። ይህች ቱቦ ዘላለማዊ አይደለችም። ከሦስት እስከ ስድስት ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ትደፈናለች፤ በዚያን ጊዜ ትኩሳቱና ቢጫነቱ በድንገት ይመለሳል። ተሽሎኛል ብሎ ቱቦውን ረስቶ፣ ከዓመት በኋላ ነፍሱን ስቶ የሚመጣ ሕመምተኛ ለሐኪሞች እንግዳ አይደለም። ስለዚህ ቱቦው የገባበትን ቀን ከሆስፒታሉ ወረቀት ላይ አንብቡና ግድግዳ ላይ በተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ ላይ ጻፉት፤ ሦስት ወር ቆጥራችሁም ምልክት አድርጉበት። ቱቦው መቼ እንደሚለወጥ ወይም እንደሚወጣ ሐኪሙ ነው የሚወስነው፤ እናንተ ግን ቀኑን አትልቀቁ። ደስ የሚለው ነገር፣ ቱቦው እዚያ በሚቆይበት ጊዜ ጠጠሩ አንዳንዴ እየተፋቀ ያንሳል፤ በሁለተኛው ሙከራም በቀላሉ የሚወጣበት ጊዜ አለ። ውጭ አገር ከመታሰቡ በፊት ይህ ሁለተኛ ሙከራ በአገር ውስጥ፣ ኢ.አር.ሲ.ፒ. በሚሠራበት ቦታ፣ መደረጉን አረጋግጡ። መሣሪያውና ባለሙያው በየሆስፒታሉ የሚገኝ አይደለምና የሪፈር ወረቀቱን አሁኑኑ ማስጻፍ ይገባል። የራጅ ፊልሙንና የመጀመሪያውን ሙከራ ዘገባ ሳትይዙ አትሂዱ።

አንቺም ከፋብሪካው ፈቃድ ስለ ማግኘት ጽፈሻል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 የሕመም ፈቃድን የሚሰጠው ራሱ ለታመመው ሠራተኛ ነው፤ የመጀመሪያው ወር ከሙሉ ደመወዝ ጋር፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት ከግማሽ ደመወዝ ጋር፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ያለ ደመወዝ። እናትሽን ለማስታመም ግን ልዩና አሳሳቢ ሁኔታ ሲያጋጥም የሚሰጠውን እስከ አምስት ተከታታይ ቀን የሚደርስ ያለ ክፍያ ፈቃድ መጠየቅ ትችያለሽ፤ በበጀት ዓመቱ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። አንዱን ለሕክምናው ቀን፣ አንዱን ቱቦው ለሚወጣበት ብታስቀምጪው መልካም ነው፤ ያልተጠቀምሽበት የዓመት ፈቃድ ካለሽም እሱን አስቀድሚ። ወንድሞችሽም ተራ ሊገቡ ይገባል፤ ማስታመም የሴት ልጅ ብቻ ዕዳ ሆኖ መቅረቱ እስከ መቼ ነው?

ቅቤውን በተመለከተ፣ የእናትሽ ከረጢት ከወጣ ቆይቷል፤ ስለዚህ ቅባት በአንድ ጊዜ ካልበዛባቸው የሚከለክላቸው ነገር የለም። ከብዙ ቅቤ በኋላ ሆዳቸው የሚላላ ከሆነ ቀነስ አድርጊላቸው፤ ጥቂት ጥቂት እያሉ ደጋግመው ይብሉ። ለሕክምናው በሚሄዱበት ዕለት ግን ሐኪሙ ካዘዘው ሰዓት ጀምሮ ምንም አይቅመሱ፤ ቡናም ቢሆን።